በግራ እጅ የተበላ ሰርግ

ሶኬቱን ነቅዬ ነበር። ሌላ ሌላውን ብትጠራጠሩኝ አልቀየምም፤ ይህን ግን እመኑኝ። በገዛ እጄ ነቅዬ፣ ገመዱን ጠቅልዬ፣ ሚስቴን ወይንሸትን ጠርቼ «ይኸው ተነቅሏል፣ ምስክሬ ሁኚ» ብያታለሁ። ከዚያ የቴሌቪዥኑን የጀርባ ክዳን ፈትቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ከስክሪኑ ጀርባ መዳፍ የምታክል ክብ ጥቁር ጎማ ተለጥፋለች። ጎማዋን ገለጥ አድርጌ ከሥሯ ምን እንዳለ በጣቴ ዳሰስኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ መቀመጤን ነው። አንደኛው ነጠላ ጫማዬ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ ለጥቂት ጊዜ ካየችኝ በኋላ፣ ተነቅሏል ያልኩት የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። መልስ ለመስጠት ምላሴን ፈለግሁት፤ ቦታው ላይ አልነበረም። ቴሌቪዥን ከኮረንቲ ተለያይቶም ለብዙ ሰዓት ቂም እንደሚይዝ የተማርኩት ያን ቀን ነው። ተማርኩ ስል ደግሞ አፍራለሁ፤ ምክንያቱም ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ኮረንቲ እንዴት እንደሚጠራቀም በዓመት ሁለቴ ሥዬ አስረዳለሁ። በጠመኔ የተሳለ ኮረንቲ ግን ማንንም ነዝሮ አያውቅም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዘመኑ ክልል የሚባለው ነገር ለአፋችን ገና አዲስ ሆኖ፣ «ክፍለ ሀገር» ብለን ጀምረን ራሳችንን የምናርምበት ጊዜ ነበር። በሰፈራችን ቴሌቪዥንም የቪዲዮ ዴክም ያለው ቤት የእኔ ብቻ ነው። ሁለቱንም ለሰርጋችን የሰጠን የወይንሸት ወንድም ነው። እኔ በዚያ ዕቃ ላይ ያዋጣሁት ነገር ቢኖር ባለቤትነቴን ብቻ ነው፤ እሱን ግን በሚገባ አዋጥቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ ድምፁን ከፍና ዝቅ የማደርገው እኔ ነኝ። አንቴናውን ለማዞር ጣሪያ ላይ የምትወጣው ወይንሸት ናት።

አንድ እሑድ ድራማ እያየን ሥዕሉ ከላይም ከታችም እየሟሸሸ መጣና ስክሪኑ መሀል ላይ አንዲት ነጭ ክር ሆኖ ቀረ። ድምፁ ደህና ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይሰማናል፤ የምናየው ግን ክር ነው። መጀመሪያ በመዳፌ፣ ቀጥሎ በጫማ አናቱን መታሁት። ክሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ተመልሶ ቀጥ አለ።

ከሦስት ቀን በኋላ ማታ ከጎናችን ያለው ግቢ ባለቤት፣ የማሾ ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ፣ አንድ ካሴት በሻሽ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። ልጇ ከድጃ ጅዳ ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው። በቅርቡ እዚያው ባል አገባች። ባልየውን እናት አታውቀውም፤ ዘመዶቹንም አታውቅም፤ ሰርጉን የሰማችው ካለፈ በኋላ በስልክ ነው። እትዬ ዘይነባ ያን ጊዜ አንድ ቃል ተናግራ ነበር፤ ያላየሁትን አልመርቅም ብላ። ከድጃ በላከችው መልእክት ሁሉ ታለቅሳለች፤ እናትየው ግን ከቃሏ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ልጅቷ የሰርጉን ቪዲዮ ላከች። ያመጣችው ሶፊያ የምትባል ከጎረቤት ከተማ ከጀውሃ የሄደች ልጅ ናት። ሶፊያ ለእረፍት የመጣች ስትሆን የምትሠራውም እዚያው አረብ አገር በሌላ ከተማ ስለሆነ ሰርጉ ላይ አልነበረችም፤ ካሴቱን የተቀበለችው ከሰው እጅ ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በአውሮፕላን ስለምትመለስ ከዚህ የምትነሣው ዓርብ ነው። ስለዚህ እትዬ ዘይነባ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እኛ ቤት ካሴቱን አይታ፣ ምርቃቷን ወይም ዝምታዋን በሶፊያ አፍ ትልካለች።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ቴሌቪዥኑ እንደተበላሸ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ምንም ችግር የለም እትዬ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው» የሚል ነበር። ወይንሸት ከጎን አየችኝ። ያንን አስተያየት የሚያውቀው ያገባ ሰው ብቻ ነው።

መቼም ከተማው ውስጥ ቴሌቪዥን ጠጋኝ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው ጎበዝ ሰው ነው። ችግሩ ከአንድ ወር በፊት እኔና እሱ ሻይ ቤት ውስጥ ስለ ኮረንቲ ክርክር ገጥመን፣ እኔ ትክክል ሆኜ፣ ሰው ሁሉ ስቆበት ነበር። ሰውን በአደባባይ ከረታህ በኋላ ደግሞ ዕቃ ተሸክመህ ሄደህ ጠግንልኝ ማለት አይቻልም። ቢያንስ እኔ አልችልም። በማግስቱ ሐሙስ ማለዳ እንደ ቆላ ሰው በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ደብረ ሲና ወጣሁ።

ደብረ ሲና ጭጋግ ለብሳ ጠበቀችኝ። እዚያ ያለው ጠጋኝ በጋቢው ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እኔ ፊቱ ቆሜ እንደ ወፍጮ እንቀጠቀጣለሁ። ስለ ክሩ ነገርኩት። ቴሌቪዥኑን ራሱን አምጣው አለኝ። የመጣሁት ለመለዋወጫ ብቻ እንደሆነና የቀረውን እንደማውቀው ነገርኩት። ፊዚክስ አስተማሪ መሆኔንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩለት። ራሱን ነቅንቆ ከሞቱ ቴሌቪዥኖች ላይ ኮረንቲ የሚያጠራቅሙ ሦስት ካፓሲተሮች ነቀለልኝ፤ እያንዳንዷ የጣት ጫፍ የምታክል፣ ሁለት እግር ያላት በርሜል ናት። ከዚያ ሁለት ነገር እንዳስተውል አስጠነቀቀኝ። አንደኛው፣ በርሜሎቹ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እግር ስላላቸው እንዳላቀያይራቸው ነው። ሁለተኛውን ሲጀምር አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋና ሮጬ ሄድኩ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ቅድም ባወራኋችሁ መንገድ፣ በጣቴ በኩል ገብቶ ደረሰኝ።

ቤት ደርሼ ያ የነዘረኝ ነገር ካለፈና ምላሴ ከተመለሰ በኋላ ከትምህርት ቤት የተዋስኩትን የእርሳስ መበየጃ ሰካሁ። ሸዋ ሮቢት ከሰዓት በኋላ ምን እንደምትመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። መበየጃው እስኪግል ስጠብቅ ከመበየጃው እኔ ቀድሜ ጋልኩ። ላቤ ከግንባሬ እየወረደ የጋለው ጫፍ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ቸስ ብሎ ይተናል፤ ወይንሸት ምን እየጠበስክ ነው ብላ ከጓዳ ትጠይቀኛለች።

የውስጡን ሰሌዳ ለማውጣት ስስበው አራት ሽቦዎች ያዙት። ሽቦዎቹ ከሰሌዳው ተነስተው የስክሪኑን አንገት ወደከበበው የመዳብ ጥቅልል ይሄዳሉ፤ ሥዕሉን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዘረጋው ያ ጥቅልል ነው። አጭር ስለሆኑ አራቱንም በመበየጃው አቅልጬ አላቀቅኋቸው። ወይንሸት የትኛው ቀለም ከየት እንደተነቀለ ወረቀት ላይ ጻፍ አለችኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ ተጽፏል አልኳት። ጭንቅላቴ ከግማሽ ሰዓት በፊት ምን እንደደረሰበት እያወቅሁ ነው ይህን ያልኩት።

የመጀመሪያዋን በርሜል በየድኩ። በጣም ቆንጆ ብየዳ ነበር፤ ሰው ጠርቼ ላሳይ ሁሉ ከጅሎኝ ነበር። ሶኬቱን ስሰካ ግን በርሜሏ ጧ ብላ ፈነዳች። ነጭ ጭስ ቤቱን ሞላው፤ የወረቀት ብጥስጣሽ ፀጉሬ ላይ ዘነበ። እግሮቿን አቀያይሬያቸው ኖሯል። ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት ጋሼ ታደሰ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ጦርነቱ ካበቃ ገና ብዙ ዓመት ስላልሆነው ጆሯቸው አላረፈም። ወይንሸት ወጥታ ስታያቸው የውሃ በርሜላቸውን ከለላ አድርገው በደረታቸው ተኝተዋል። ትንሽ ቆይተው አቧራቸውን አራግፈው መጡና ተኩሱ ከየት አቅጣጫ እንደነበር ጠየቁኝ። እውነቱን ስነግራቸው ከተኩሱ ይልቅ በእኔ የደነገጡ ይመስለኛል።

ሁለተኛዋን በርሜል አስተካክዬ በየድኩ። አራቱን ሽቦዎችም ጭንቅላቴ ውስጥ በተጻፈው መሠረት መለስኩ። ክዳኑን ስገጥም አምስት ብሎን ተረፈኝ። ልሞክረው ሶኬቱን ልሰካ ስል መብራት ጠፋ። የከተማው ሁሉ ነው። እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አልመጣም።

ዓርብ ዕለት ሰዉ ከጁምዓ ወጥቶ ቤታችን ሞላ። የእትዬ ዘይነባ ዘመዶች ከቀወት ገጠር ሳይቀር መጥተዋል። የማሾ ጆንያ ለአባወራው ስጦታ ብለው ይዘው ነው የመጡት፤ አባወራው ደግሞ እኔ ነኝ። ሶፊያ የጉዞ ልብሷን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እትዬ ዘይነባ አዲስ ሻሽ አስራ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እጆቿንም ጭኗ ላይ አኖረች። መብራቱ መጣ። ያልሞከርኩትን ቴሌቪዥን በሠላሳ ሰው ፊት ስከፍት ልቤ የት እንደነበረች እኔ አላውቅም።

ሥዕል ወጣ። ክር አይደለም፤ ሙሉ ሥዕል ነው፣ ቀለሙም ልቅም ያለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔም ለምስጋና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዞር ስል እልልታው መሀል ላይ ቆመ። ተመልሼ አየሁ። ሙሽራዋ ከጣሪያ ተንጠልጥላለች። አጃቢዎቿም ተንጠልጥለዋል። ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ ሰዎቹ ሁሉ እግራቸው ወደ ሰማይ ሆኖ ይጨፍራሉ።

የበየድኩት ስህተት መሆኑን ያኔውኑ አወቅሁ። ሥዕሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጉትን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሬያቸዋለሁ። ይህን ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ሠላሳ ሰው እያየኝ ነበር፤ ከሠላሳው አንዱ ደግሞ ሻይ ቤቱ ውስጥ ስከራከር አጨብጭቦልኛል። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጥፋቱ የካሴቱ ነው አልኩ። አረብ አገር የሚቀዳው በሌላ ዓይነት አሠራር ነው፣ እኛ አገር ሲመጣ ይገለበጣል አልኩ። ሰዉ ሁሉ ተቀበለኝ። ጋሼ ታደሰማ አረቦች ሲጽፉም ከቀኝ ነው የሚጀምሩት ብለው ደገፉኝ።

መፍትሔ ፈላጊውም እኔው ሆንኩ። ካሴቱ ከተገለበጠ ቴሌቪዥኑን መገልበጥ ነው አልኩ። አራት ጎልማሶች ተሸክመው ያንን ከባድ ሣጥን በአናቱ ዘቀዘቁት፤ እንዳይንሸራተት ሥሩ የመጣልኝን የማሾ ጆንያ አደረግንለት። ሰዎቹ ቀና አሉ። ሙሽራዋ በእግሯ ቆመች። እልልታው ካቆመበት ቀጠለ። ስለ እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ራሴን በጣም ወደድኩት።

እትዬ ዘይነባ ልጇን አየች። ሰባት ዓመት ነው። ከሳች አለች፤ ቀጥላ ወፈረች አለች፤ ከዚያ ሁለቱንም ትታ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ባልየው ሲገባ ግን ልብስም አረማመድም ሳይቀራት መረመረችው። ሸጋ ልጅ ነው። ለሽማግሌዎች ጎንበስ ይላል። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲፈታ ቤቱም አብሮ ተፈታ። እንዲያ እንዲያ እያለ ምግብ ቀረበ። ሙሽራው ጎንበስ ብሎ ጠቀለለና ሙሽራዋን አጎረሳት።

በግራ እጁ።

ሙሽራዋም በግራ እጇ ጠቅልላ መለሰችለት። አማቷ መጣችና በግራ አጎረሰቻት። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ በግራ እጃቸው ውሃ ጠጡ። ሰው እየተነሣ በግራ ይጨባበጣል። ከኋላዬ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ሱብሃነላህ» አለች። ጋሼ ታደሰ ባሕር ማዶ መኪናውም በግራ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ ብለው ሊያረጋጉ ሞከሩ፤ የሚሰማቸው አላገኙም። እኔ የዚያን ጊዜ ድንጋጤዬን ከጎማዋ ሥር ካገኘሁት ጋር ሳወዳድረው የጎማዋ ቀላል ነበር። ተገልብጦ የወጣን ሥዕል ሣጥኑን ብታዞረው ሰዎቹን ታቆማቸዋለህ፤ ግራና ቀኛቸውን ግን ታለዋውጣለህ። ይህን ትምህርት ያውም መጽሐፍ ሳልከፍት ነው የማስተምረው።

እትዬ ዘይነባ ተነሣች። ሻሿን አጠበቀች። ከማልቀሷ ይልቅ አለማልቀሷ አስፈራኝ። ወደ ሶፊያ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናትሽ አይታለች በያት። ሌላ ቃል የለኝም» አለች። ሶፊያ ቦርሳዋን አነሣች።

እንግዲህ የዚያች ልጅ ምርቃት የቀረው በእኔ አፍ ላይ ነበር። አፌ ደግሞ በዚያ ሳምንት የሠራውን ታውቃላችሁ። ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ውሸታም ነኝ አልኩ። ካሴቱ ምንም አልሆነም፣ ሽቦውን አቀያይሬ የበየድኩት እኔ ነኝ፣ ሰዎቹ የሚበሉት በቀኛቸው ነው፣ ግራ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ አልኩ።

እትዬ ዘይነባ በሀዘኔታ አየችኝ።

«ለልጄ ብለህ ነው መምህር። አላህ ይስጥህ። ቅድም ግን ካሴቱ ነው ብለኸኛል።»

ጠመኔ አውጥቼ ግድግዳው ላይ ቀስቶች መሳል ጀመርኩ። ቀስቶቹ በበዙ ቁጥር ሰዉ ይበልጥ ይጠራጠረኝ ጀመር፤ እውነት ያን ያህል ቀስት አያስፈልጋትም መሰለኝ። ያን ጊዜ ወይንሸት ወደ ጓዳ ገብታ ጢሜን የምላጭበትን መስታወት ይዛ መጣች። እትዬ ዘይነባን ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት፤ ፊቷን ወደ በሩ፣ ጀርባዋን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርጋ። መስታወቱን እጇ ላይ አኖረችላት። እኔ ካሴቱን ወደ ኋላ መለስኩት። መስታወቱ ውስጥ ሙሽራው ጎንበስ አለ፣ ጠቀለለ፣ በቀኝ እጁ አጎረሰ።

ቤቱ አጉረመረመ። ጋሼ ታደሰ ግን «መስታወት ማንንም ሰው ግራ ያደርጋል፣ እኔ ስላጭ መስታወቱ ውስጥ የሚላጨኝ ግራ እጄ ነው፣ ይህ ማስረጃ አይሆንም» አሉ። ልክ ናቸው። በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ፊዚክስ የገባው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሶፊያ እጇ በሩ ላይ ነው።

እትዬ ዘይነባ አልሰማቻቸውም። መስታወቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ከሙሽሮቹ ኋላ የተሰቀለውን አረንጓዴ ጨርቅ ታያለች። ጨርቁ ላይ በወርቅ ቀለም ትልቅ የአረብኛ ጽሑፍ አለ። እስካሁን ሁላችንም ያየነው ፊት ነው፤ ጨርቁን ያየው አልነበረም። ሶፊያ አረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ እትዬ ዘይነባ ግን በልጅነቷ ቁርአን ቀርታ ፊደሉን ተምራለች። ዞር ብላ ቴሌቪዥኑን አየች፤ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ተመልሳ መስታወቱን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም» ብላ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «የአላህ ስም የሚነበበው በዚህኛው ነው። እጁም እውነተኛው ይኼኛው ነው» አለች።

ማንም አልተከራከረም፤ ጋሼ ታደሰም ቢሆኑ። እትዬ ዘይነባ መስታወቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለት መዳፎቿን ዘረጋች። ረጅም ዱዓ አደረገች፤ ለልጇ፣ ለባልየው፣ ለማታውቃቸው ዘመዶቹ፣ ለሚወለዱት። ቤቱ ሙሉ አሚን አለ፤ እኔና ወይንሸትም አሚን አልን። ሶፊያ ቃሉን ደጋግማ በቃሏ ያዘች። ስታለቅስ አየኋት፤ የራሷም እናት ያለችው ጀውሃ ነው።

ከዚያ ዘመድ ሁሉ መስታወት ፍለጋ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ቤቴ ውስጥ ሠላሳ ሰው ጀርባውን ለቴሌቪዥን ሰጥቶ፣ ስባሪውንም ሙሉውንም መስታወት ፊቱ ላይ ደግኖ ሰርግ ያያል። ጋሼ ታደሰ የጭነት መኪና መስታወት ከየት እንዳመጡ እንጃ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው በመስኮት አይቶን ምን እንዳለ አላውቅም፤ እኔ ባልፍ ኖሮ ለፖሊስ እናገር ነበር።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሶፊያ ቶሎ የምትራመድ ልጅ ብትሆን ኖሮ እስካሁን መናኸሪያ ደርሳ ነበር፤ አንዲት ልጅ በእኔ ኩራት ያለ እናት ምርቃት ትዳሯን ልትገፋ ነበር። ይህን ለእትዬ ዘይነባ ልነግራት ቀረብ አልኩ። እሷ መስታወቱን ለወይንሸት መልሳለች። ትንሽ ነው፣ ፊቷን በቅጡ አያሳየኝም ብላ፣ ዞራ የተዘቀዘቀው ቴሌቪዥን ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ግራውንም ቀኙንም ትታዋለች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ነገ ሽቦውን አስተካክዬ እንደምበይድላትም ቃል ገባሁ። አሁኑኑ እንኳ ቢሆን ክዳኑን ልፈታው እንደምችል ለማሳየት እጄን ወደ ቴሌቪዥኑ ሰደድኩ።

እጄን ያዘችኝ። ዓይኗን ከልጇ ላይ አላነሣችም።

«ተወው መምህር» አለችኝ። «ጨርሰህ ሳታጠፋት ልያት።»